ኮቴውን መልሼ አስገባሁት

ቡራዩ ውስጥ ፎቶ ቤት ስሠራ ዘንድሮ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። የቀኑ ሥራዬ አብዛኛው ጉርድ ነው፤ ለመታወቂያ፣ ለመንጃ ፈቃድ፣ ለትምህርት ቤት ምዝገባ። ሰው ይመጣል፣ ነጩ ጨርቅ ፊት ይቀመጣል፣ «አንገትዎን ቀና፣ አገጭዎን ትንሽ ዝቅ» እላለሁ፣ አነሣለሁ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ከአናቱ በላይ ጥቂት ቦታ ትቼ፣ ግራና ቀኙን እኩል አድርጌ፣ ከደረቱ ላይ እቆርጠዋለሁ። በምዝገባ ሰሞን በቀን 60 እና 70 ፊት በእጄ ያልፋል። የዛሬ አምስት ዓመት ወፍ ማንሣት ስጀምር ብርሃኑና ርቀቱ ያስቸግረኝ ይሆናል እንጂ መቁረጡ አያቅተኝም ብዬ ነበር። ያቃተኝ እሱ ሆነ። ዛሬም የምጽፈው ስለ እሱ ነው።

የማነሣው ገፈርሳ ነው። ገፈርሳ ከአዲስ አበባ መሀል የአምቦን መንገድ ይዞ ወደ ምዕራብ 18 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቅ፣ ለከተማዋ የመጠጥ ውሃ የሚሰጥ ግድብ ነው። ከፍታው 2600 ሜትር ገደማ ስለሆነ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ማለዳ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ነው የሚጠብቀኝ። ከግድቡ አካባቢ የግጦሽ መስክ አለ፤ ከብቱ፣ በጉ፣ እረኛው፣ ዝዩና ዳክዬው አብረው ይውሉበታል። ከመስከረም በኋላ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ የሚሸሹ ወፎችም ይጨመሩበታል። እኔ ቅዳሜና እሑድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ እዚያ እገኛለሁ፤ 3 ሰዓት ላይ ፎቶ ቤቱን መክፈት ስላለብኝ ያለኝ ጊዜ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው።

ካሜራዬ ከሰው እጅ የገዛሁት ኒኮን ዲ7200 ነው። ሌንሱን፣ ከ200 እስከ 500 ሚሊሜትር የሚደርሰውን፣ የገዛሁት የእቁብ ዕጣ ሲወጣልኝ ነው። 500 ሚሊሜትር ሲባል ወፉ አፍንጫ ሥር የሚመጣ ይመስላል። አይመጣም። በዚህ ካሜራ 30 ሜትር ላይ የሚታየኝ ስፋት 1 ሜትር ከ40 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። 15 ሳንቲሜትር የምታህል ወፍ እዚያ ውስጥ ከሥዕሉ ወርድ አንድ አሥረኛውን ብቻ ትይዛለች። ቀሪው ሣር ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ይህን ሣር እንደ ጠላት ነበር የማየው። እቤት ስገባ ወፉ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ እስኪሞላ ድረስ እቆርጠዋለሁ፤ ምንቃሩ አንዱን ጠርዝ፣ ጅራቱ ሌላውን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው አቆማለሁ። ቅርብ ማለት ትልቅ ማለት ይመስለኝ ነበር። ስልክ ላይ ሲታይ ያምር ነበር። አንዱን በትልቁ አትሜ ግድግዳ ላይ ስሰቅለው ግን ላባው እንደ ረጠበ ጋዜጣ ሆኖ አገኘሁት።

ነገሩ ቀላል ሒሳብ ነው። ካሜራው የሚሰጠኝ ሥዕል በወርድ 6000፣ በቁመት 4000 ፒክስል ነው፤ 24 ሚሊዮን ማለት ነው። ወርዱንም ቁመቱንም በግማሽ ስቆርጥ ግማሹ የቀረኝ ይመስለኛል፣ የቀረኝ ግን ሩቡ ነው፤ 3000 በ2000፣ 6 ሚሊዮን። ይህ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲታተም ወርዱ 25 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ ለግድግዳ ይበቃል። ያችን ከወርዱ አንድ አሥረኛ የያዘች ወፍ ለብቻዋ ባወጣት ግን 600 ፒክስል ናት፤ በዚያው ጥራት ስትታተም 5 ሳንቲሜትር። ከዚያ በላይ ስለጥጣት ማለዳ በደብዛዛ ብርሃን አይኤስኦውን፣ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ 3200 ላይ አድርጌ ስላነሣኋት የተበተነው ነቁጥ አብሯት ያድጋል፣ የእጄ መንቀጥቀጥም አብሯት ያድጋል። ስለዚህ አሁን ለራሴ ያስቀመጥኩት ወሰን አለ፤ ለሕትመት የማስበውን ሥዕል ከወርዱ ግማሽ በታች አልቆርጥም። ወፏ በዚያ ውስጥ ትንሽ ሆና ከታየች ትንሽ ናት።

ታዲያ ለምን ቀረብ አትልም የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ብዬ አይቻለሁ። በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ እንጂ ሌላ የትም የማይገኙ ወፎች አሉን፤ አንደኛው ገፈርሳ የማይጠፋው ክንፉ ላይ ሰማያዊ ያለበት ዝይ ነው። እሱማ የኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው። አንድ ጠዋት ሁለት ዝዮች ጫጩቶቻቸውን ይዘው ውሃ ዳር ሲግጡ አገኘሁ። በክርኔ እየተሳብኩ ቀረብኩ። መጀመሪያ መጋጥ አቆሙ፣ ከዚያ አንገታቸውን ቀጥ አደረጉ፣ እኔ ግን አልቆምኩም። ድንገት ሁለቱም ተነሥተው በረሩ። ሰማያዊው ክንፍ በአየር ላይ ሙሉ ተዘርግቶ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ካሜራውን አላነሣሁም፤ ምክንያቱም ጫጩቶቹ ሣሩ ውስጥ ብቻቸውን ቀርተው ሲጮኹ እሰማ ነበር፣ ከበላያቸውም ጭልፊት ያንዣብብ ነበር። በሆዴ ተስቤ የመጣሁትን መንገድ እየሮጥኩ ተመለስኩ። ዝዮቹ ተመልሰው አረፉ፤ ጫጩቶቹን ግን ልቆጥራቸው አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ ወፉ መብላቱን ካቆመ እኔም እቆማለሁ። የጎደለውን ርቀት በመቁረጥ እሞላዋለሁ፣ ካልሞላም ይቅር።

በመቁረጥ የማይሞላም አለ። ቆሜ ያነሣሁትን ወፍ የቱንም ያህል ብቆርጠው ከላይ ወደ ታች እንዳየሁት ይቀራል፤ ከጀርባውም ያለው እዚያው እግሩ ሥር ያለ ሣር ስለሆነ ጥርት ብሎ ይወጣና ከላባው ጋር ይደባለቃል። የማዳበሪያ ኬሻ አንጥፌ በሆዴ ስተኛ ግን ዓይኔ ከዓይኑ ጋር እኩል ይሆናል፣ ከጀርባው ያለው ደግሞ ግማሽ ኪሎ ሜትር የሚርቅ ኮረብታ ይሆንና ሟሙቶ እንደ ቀለም ብቻ ይታያል። ልብሴ ይረጥባል፣ ደረቴ ይቀዘቅዛል። ሌላው የማይሞላው የሙቀቱ ነገር ነው። ፀሐይ ከፍ ስትል ከመሬት የሚነሣው አየር ይንቀጠቀጣል፤ ከሩቅ የተነሣ ወፍ ጠርዙ ሁሉ ይቀልጣል፤ ሌንሱ ደህና ነው፣ እጅም ደህና ነው፣ ሥዕሉ ግን ደህና አይሆንም። ዓይንም አለ። ወፍ ከላይና ከታች ካለው ቆብ ሌላ ከጎን በኩል ዓይኑን የሚያብስበት ሦስተኛ ስስ ሽፋን አለው፤ በዚያች ቅጽበት ከተነሣ ዓይኑ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። እንዲህ ያለውን ሥዕል ወዲያው እጥለዋለሁ፤ የቱንም ያህል ላባው ቢያምር።

ወደ ጉርዱ ልመለስ። ጉርድ ፎቶ ያስተማረኝ መሀል ማስቀመጥን ነው። ሰው ፊት ለፊት ያያል፣ ስለዚህ ግራና ቀኙ እኩል ነው። ወፍ ግን ዓይኖቹ በግራና በቀኝ ስለሆኑ ብዙ ጊዜ በጎኑ ነው የምናገኘው፣ ምንቃሩም ወደ አንድ አቅጣጫ ይጠቁማል። መሀል ሳስቀምጠው ምንቃሩ ግድግዳ የገጠመው ይመስላል። ከምንቃሩ ፊት ያለውን ቦታ ከጀርባው ካለው እንዲሰፋ አድርጌ ስቆርጥ ወፉ መንገድ ያገኛል። ይህን ሁሉም ያስተምረዋል። እኔን የከበደኝ ሥራው ሳይሆን እጄ ነው፤ ለዓመታት እኩል አድርጎ የለመደ እጅ አንድ ወገን ሲሰፋበት ስህተት የሠራ ይመስለዋል።

አንገት ላይ መቁረጥም ሌላው የጉርድ ልማድ ነው። ሰውን ከደረቱ ላይ ስንቆርጠው ትከሻው ጭንቅላቱን ተሸክሞ ይታያል። የወፍን ፊት ብቻ ለማሳየት ስፈልግ መጀመሪያ አንገቱ መሀል ላይ ነበር የምቆርጠው፤ ሳትመው ለበዓል የታረደ ዶሮ መሰለኝ። አሁን አንገቱ ሰፍቶ ደረት የሚሆንበት ድረስ እወርዳለሁ። ከቆረጥኩ ደግሞ ሆን ብዬ እንደቆረጥኩ እንዲታወቅ አድርጌ ነው፤ የክንፍ ጫፍ ወይም የአንድ እግር ጥፍር ብቻ ከጠርዙ ውጭ ከቀረ ሰው የሚያየው ያችን የጎደለች ጥፍር ነው። በቤታችን ግቢ አበባ ላይ የምትመጣ ትንሽ ወፍ አለች፤ ሳይንሳዊ ስሟ ተከዜ የሚለውን የወንዛችንን ስም የያዘ፣ ወንዱ ፀሐይ ሲያርፍበት ወይን ጠጅ ሆኖ የሚያበራ፣ ከጅራቱ መሀል ሁለት ላባዎች ተለይተው የሚረዝሙ። ሁለት ወር ሙሉ ስጠብቀው ቆይቼ ምንቃሩን አበባው ውስጥ እንደነከረ አነሣሁት። በጣም አጥብቄ ስለያዝኩት የሁለቱ ላባዎች ጫፍ ከሥዕሉ ውጭ ቀርቷል። ሰፊውን መቁረጥ ይቻላል፣ የቀረው ግን ከየት ይመጣል? ከዚያ ወዲህ ሳነሣ ሰፋ አድርጌ ነው። የውሃው መስመር ዘሞ ሳቀናውም ጠርዞቹ ይበላሉ፤ ለእሱም የሚሆን ትርፍ ያስፈልጋል።

አንድ በዕድሜ የሚበልጡኝ የሠርግ ፎቶ አንሺ፣ የማከብራቸው ሰው፣ «ቆርጠህ ያስተካከልከው ያንተ አይደለም፤ ያነሣኸው ያ ሙሉው ነው» ብለውኛል። ብዙ አሰብኩበት። በየሚኒባሱ መስታወት ላይ ተለጥፎ ያደግንበት የቼ ጉቬራ ፎቶ ራሱ የተቆረጠ ነው። አልቤርቶ ኮርዳ እ.ኤ.አ. በ1960 ሃቫና ውስጥ ሲያነሣው ወደ ጎን ሰፊ ነበር፤ በአንድ በኩል የሌላ ሰው ፊት በጎኑ ይታያል፣ በሌላው በኩል የዘንባባ ቅጠል። ሁለቱም ተቆርጠው ሲወጡ ዓለም የሚያውቀው ዓይን ብቻውን ቀረ። ስለዚህ ለእኚህ ሰው ያለኝ መልስ፣ መቁረጥ ማንሣት ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ፣ ተቀምጦ፣ ሳይቸኩሉ። ሆኖም ያነሡት ነገር አልለቀቀኝም፤ የለቀቀኝ የሌላ ሰው ሐዘን ላይ ነው።

70 ዓመት የሚሆናቸው እናት በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፎቶግራፍ ይዘው መጡ። የሠርግ ፎቶ ነው፤ ስድስት ጎረምሶች ተቃቅፈው ቆመዋል። ከግራ ሦስተኛው ልጃቸው ነው፤ ካረፈ ወር ሆኖታል። ሌላ ጥሩ ፎቶ የለውም። ለአርባው በትልቁ ታትሞ በፍሬም እንዲሆንላቸው ፈለጉ። ስካን አድርጌ ለብቻው ቆርጬ አወጣሁት። ግራ ትከሻው ላይ የጓደኛው እጅ ነበረ፤ አራት ጣት፣ አንዱ ላይ ቀለበት፣ ከአንጓው ላይ የተቆረጠ። ባለቤቱ የማይታይ እጅ በሐዘን ፎቶ ላይ ምን ይሠራል ብዬ የኮቱን ጨርቅ እየቀጠልኩ ግማሽ ቀን ፈጅቼ አጠፋሁት። የት እንደነበረ አይታወቅም ነበር። እናትየው መጥተው ፍሬሙን ተቀበሉ። ፊቱን በመዳፋቸው ዳበሱት፣ መዳፋቸው ወደ ትከሻው ወረደ፣ እዚያ ቆመ።

«ልጄ፣ እጁን የት አደረስከው?»

«የሌላ ሰው እጅ ነው እማማ፤ ፎቶውን ያበላሸዋል ብዬ ነው።»

«የማን እንደሆነማ አውቃለሁ። አብሮ አደጉ ነው። እስከ መጨረሻው ያስታመመው እሱ ነው። መልስልኝ።»

መለስኩላቸው። ሰፋ አድርጌ፣ እጁ እስከ ክርኑ ድረስ እንዲታይ አድርጌ ቆረጥኩት። ፊቱ ከበፊቱ አነሰ። እሳቸው ግን የልጃቸው ፊት አነሰ አላሉም።

በዚያው ምሽት አንድ የወፍ ሥዕል ከፈትኩ። ከሁለት ሳምንት በፊት ቆርጬ የጨረስኩት ነበር። የወፍ መጻሕፍት ዋትልድ አይቢስ ይሉታል፤ እሱም የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ያደገ ሰው በስም ባያውቀው በድምፁ ያውቀዋል፤ ማለዳ መንጋ ሆኖ በጣሪያ ላይ ሲያልፍ የሚያሰማው ሻካራ ጩኸት እንቅልፍ ያስነሣል። ከሩቅ ጥቁር ይመስላል። ቀረብ ብሎ ሲታይ ቡናማ ላባው ላይ አረንጓዴ ይብለጨለጫል፣ ክንፉ ላይ ነጭ አለው፣ ምንቃሩ ረጅምና ወደ ታች የጎበጠ፣ ከምንቃሩ ሥር ደግሞ እንደ ክር የቀጠነች ሥጋ ተንጠልጥላለች። ዓይኑ ነጭ ነው። ያች የተንጠለጠለች ሥጋ በግልጽ የወጣችበት ሥዕል ሳገኝ ያ የመጀመሪያዬ ስለነበረ ሌላ ምንም አልታየኝም ነበር። ወፉ ጎንበስ ብሎ ምንቃሩን እስከ ግማሹ አፈር ውስጥ ነክሯል። በስተቀኝ ጠርዝ የላም የፊት እግር አለ፤ ኮቴው ጭቃ ነክቶታል፣ ከወፉ ራስ ሁለት ክንድ እንኳ አይርቅም። ያንን እግር ቆርጬ ጥዬው ነበር። አራት ማዕዘኑን እኩል አድርጌ፣ ወፉን ብቻውን አስቀምጬ፣ ጥርት ያለ አረንጓዴ ከጀርባው።

ዋናውን ፋይል መልሼ ከፈትኩና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ብቻውን ያለው ወፍ ያምራል፤ ዓይኑ ግን ወዴት እንደሚያይ አይታወቅም። በሌላው ላይ ምንቃሩ አፈር ውስጥ ነው፣ ነጩ ዓይን ግን ወደ ኮቴው ነው። ሙሉ ጊዜውን፣ እየበላ፣ ኮቴው ይነሣ እንደሆነ እየጠበቀ ነበር። ይህን ወፍ ከከብት መሀል ገብቶ ሲቆፍር በየሳምንቱ አየዋለሁ፤ ኑሮው እንደዚያ ነው። እኔ ኑሮውን ቆርጬ ጥዬ ምንቃሩን አስቀርቼ ነበር።

መልሶ ማስገባቱም እንዲሁ አልሆነም። እግሩ እስከ ጉልበቱ ድረስ ይታይ ነበር፤ ከጉልበቱ ላይ ስቆርጠው የተሰበረ መሰለ። ትንሽ ዝቅ አድርጌ ቅልጥሙ መሀል ላይ ስቆርጠው ግን ከላይ የቀረችው ላም በሐሳብ ተቀጠለች። ከ6000ው ወርድ 5100 ያህሉን ያዝኩ፤ እስከ ዛሬ ካተምኳቸው የወፍ ሥዕሎች ሁሉ በጥቂቱ የቆረጥኩት ነው። ከምንቃሩ ፊት ባዶ ቦታ ይተው የሚለው ሕግ ፈርሷል፣ ምክንያቱም ቦታውን ኮቴው ይዞታል። በሥዕሉ ውስጥ ወፉ ከአንድ ሦስተኛ አይበልጥም። ግን በዓይኔ ከማየው ሁሉ ቅርቡ እሱ ነው፤ የምሰማውም ይመስለኛል፤ የላሟ ትንፋሽ፣ ሣር ሲቀነጠስ፣ ምንቃሩ ከጭቃ ሲወጣ።

15 በ20 አድርጌ ሁለት አተምኩ። አንዱን ፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ከጉርድ ናሙናዎቹ ጎን ሰቀልኩት። ሌላውን ቅዳሜ ጠዋት ይዤ ሄጄ ገፈርሳ ሁልጊዜ ለማገኘው ትንሽ እረኛ ሰጠሁት። ብርዱ ኃይለኛ ስለነበረ ፎቶውን በሁለት እጁ ከጋቢው ሥር ነው የተቀበለኝ። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ጣቱን አውጥቶ ኮቴው ላይ አደረገ።

«ጋሼ፣ ይቺ እኮ ቡሬ ናት።»

«በኮቴዋ ብቻ?»

«እዚህ ጋ ተሰንጥቋል፤ አምና ድንጋይ መትቷት ነው። አባቴ ነው ያሰረላት።»

ሥዕሉን መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ስንጥቁን አላየሁትም ነበር። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ቀጭን መስመር ናት፣ ጭቃ የገባባት። ልጁ ወደ ውሃው ዳር በአገጩ ጠቆመኝ። ቡሬ እዚያ ቆማ ትግጣለች፤ እግሯ ሥር ሁለት ወፎች ይቆፍራሉ። 30 ሜትር ያህል ሲቀረኝ ቆሜ ኬሻዬን አነጠፍኩ።